የሁለት ቀን ግብጦ

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመንግስቱ፣

እንደምን አለህ? ሰላምታ ሳበዛ ዋናውን ነገር እንደምረሳ ስለምታውቅ ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ጠይቄያለሁ ብለህ ቁጠርልኝ። ደብዳቤህን አብዱልቃኒ እዚህ በር ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ለሱቁ ዕቃ ሊጭን ከቁይ ማርቆስ በተመላለሰ ቁጥር የኛንም ወረቀት ከስኳሩና ከሳሙናው ጋር ማመላለሱ እግዜር ይስጠው ነው። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ሰው ሁሉ ወደ ወረቀት ተመልሷል። የእህቴ ልጅ ሃኒ፣ ማረፊያ የሰጠችኝ፣ ደብዳቤ ሲጻፍ ስታይ ይኼ የመጀመሪያዋ ነው። አጠገቤ ቁጭ ብላ እንደ ፊልም ታየኛለች።

የምመለስበትን ቀን ቆርጬ ብነግርህ ደስ ባለኝ። ግን ቀኑ በኔ እጅ አይደለም፤ ደሜ ውስጥ ባለ ፖታሲየም በሚባል ነገር እጅ ነው። ስለ ምግባችን የምታስተምረን ነርስ፣ ሲስተር ይታይሽ ትባላለች፣ ሦስት ጊዜ አስረድታኝ በሦስተኛው ገባኝ። ፖታሲየም በምንበላው ሁሉ ውስጥ አለ። ያለ እሱ ጡንቻም ልብም አይሠራም። ጤነኛ ኩላሊት ደሙን ሲያጣራ ፖታሲየሙን አብሮ ያሳልፍና የሚያስፈልገውን መልሶ ይሰበስባል፣ ትርፉን ደግሞ በሽንት ያስወጣል። የኔዎቹ ግን ደክመዋል፤ ትርፉ እዚያው ይቀራል። ደም ውስጥ ሲበዛ ልብ ምቱን ይስታል፣ ሳያስጠነቅቅም ቀጥ ሊል ይችላል። ይህንን የምጽፍልህ ላስፈራህ አይደለም። እኔን ሲያስፈራሩኝ አንተ አጠገቤ ስላልነበርህ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ሲለካ አምስት ነጥብ ዘጠኝ ነበር። ዶክተሩ እንዲህ አለኝ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ይለካል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከአምስት ተኩል በታች ከሆነ ቤቴ ገብቼ በወር በወር እየመጣሁ እታያለሁ። ካልወረደ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ደም የሚያጥበው ማሽን ላይ እተኛለሁ፤ ያ ማለት እዚሁ ማርቆስ መኖር ነው፣ እስከ መጨረሻው። እኔ ለፋሲካ ቤቴ ልገኝ ቆርጫለሁ።

ስለዚህ የላክኸውን ድንች ለሃኒ ሰጠኋት። አትቆጣ። ድንች ፖታሲየም ከሚበዛባቸው ዋነኛው ነው አሉ፤ ሙዝም፣ ብርቱካንም፣ ቲማቲምም፣ ባቄላም። ድንች ካማረኝ ተልጦ፣ ስስ ሆኖ ተቆርጦ፣ በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ውሃው ይደፋል፤ እንደገና በብዙ ውሃ ይቀቀልና ያም ውሃ ይደፋል። የቀረው ጣዕም ምን እንደሚመስል አንተው ገምት። ከድንቹ አንዷን ግን ከነአፈሯ ትራሴ ሥር አድርጌያለሁ። ሃኒ ስታገኛት ምን እንደምላት እንጃ።

ማን እንደሚያበስልልህ ሳትነግረኝ አለፍህ። ጻፍልኝ።

ዘቢደር


ቁይ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤቴ ባለቤት ለዘቢደር፣

እኔ ደህና ነኝ። ላሚቱም ደህና ናት፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ስትታለብ ትራገጣለች፣ እጄ ቆርቁሯት ይሁን አንቺ ናፍቀሻት አልለየሁትም።

ማን ያበስልልሃል ላልሽው፣ እኔው ነኝ። ሳቂ፣ ሰፈሩም ስቋል። እንጀራውን የወንድሜ ሚስት ወለተ ሚካኤል ትጋግርልኛለች፣ ወጡ ግን የኔ ነው። ሽሮዬ የመጀመሪያ ቀን ውሃ ሆነ፣ በማግስቱ በማንኪያ የማይገፋ ሆነ፤ አሁን መሀል ላይ ደርሻለሁ። የድንቹንም አጠባ እንዳልሽው ለመድሁት። ስመጣ ይጠቅመኛል ብለሽ አይደል የጻፍሽልኝ? ልጦ ከትፎ፣ ዘፍዝፎ መድፋት፣ ቀቅሎ መድፋት። መሀል ላይ ሳለሁ ሳቄ መጣ፤ ይኼማ ግብጦ ነው! መራራውን የግብጦ ፍሬ በጆንያ አስረን አምስት ቀን ወንዝ ውስጥ የምናስተኛው ምሬቱን ውሃ ይዞት እንዲሄድ አይደለም? ሲስተር ይታይሽ ኮሌጅ ገብታ የተማረችውን እኛ ከእናቶቻችን ጓዳ ነው ያገኘነው በያት።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ ስለ ነጩ ክኒንና ስለ ታዘዘልሽ እንቁላል የጻፍሽልኝ ግን አላስተኛኝም። ካልሲየም ከወተትና ከአጥንት የሚገኝ ነገር ነው ካሉሽ በሁዳዴ እንዴት ይዋጣል ማለትሽ አልገረመኝም፤ አውቅሻለሁ። ያስደነገጠኝ ጾሙ ከገባ ጀምሮ አንዱንም አለመዋጥሽ ነው። ዶክተሩ ያውቃል? ለማንም ሳልናገር ማልጄ ተነሥቼ በእግሬ ወደ ዲማ ገዳም ሄድሁ።

የኔታ አምደሚካኤልን ከተማሪዎቻቸው መሀል አገኘኋቸው። ዐይናቸው ደክሟል እንጂ ምላሳቸው እንደነበረ ነው። ጉዳዩን ሰሙኝና፣

«ክኒኑ ምን ያክላል?» አሉኝ።

በጣቴ ለክቼ አሳየኋቸው።

«እሱን በልታ ትጠግባለች?»

«ኧረ አትጠግብም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ምግብ አይደለም። የታመመች ሴት ክኒን ስትውጥ ላም እንዳለበች ይቆጠርባታል የሚል መጽሐፍ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ካገኘሁ እልክብሃለሁ።» ተማሪዎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን ቆጣ ብለው፣ «እንቁላሉንም ሐኪሟ ካዘዘ ትብላ። ፈቃድ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የሚጠየቅበት ቀን ሲመጣ እኔ እጠየቅበታለሁ» አሉ።

«ጾሟን እኔ ልያዝላት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ያንተንስ በቅጡ ትይዛለህ?» አሉኝ። እሞክራለሁ አልሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የነበረውን እስከ አሥራ ሁለት አድርገው ብለው ባርከው ሰደዱኝ። ስለዚህ አሁን የሁለት ሰው ጾም ላይ ነኝ። ክኒኑን ዋጪ። ሳትውጪ ብትቀሪ በከንቱ እየራበኝ መሆኑን አስቢ።

መንግስቱ


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመንግስቱ፣

ዲማ ድረስ በእግርህ መሄድህን ሳነብ ለቀስሁ፣ ከዚያ ስለ ላሚቱ ያልኸው ትዝ አለኝና ሳቅሁ፤ ሃኒ በሽታው ወደ ጭንቅላቴ የወጣ መሰላት። ክኒኑን ጀምሬያለሁ። ከምግብ ጋር አኝኬ ነው የምውጠው። እንቁላሉንም ነጩን ብቻ እበላለሁ። የኔታን እግራቸውን ሳምልኝ።

ትናንት ተለካሁ። አምስት ነጥብ አራት! አንዱ አለፈ፣ ሁለት ቀረኝ። ወረቀቱን ሃኒ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ጽሕፈቴ ተንቀጥቅጦ ዐይተህ ከሆነ ዐይንህ አልዋሸህም። ጣቶቼ አንዳንዴ ይኮማተሩብኛል፣ እስክሪብቶውን ጨብጠው እምቢ ይላሉ። እሱም ያው የኩላሊቱ ጣጣ ነው። ኩላሊት ማጠቢያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከፀሐይ የምናገኘውን ቫይታሚን ዲ ለሥራ የሚያበቃው እሱ ነው፤ ያ ከሌለ አንጀታችን ካልሲየሙን ከምግብ ውስጥ በቅጡ አይቀበልም። ካልሲየም ደም ውስጥ ሲያንስ ደግሞ አንገታችን ላይ ስንዴ የሚያካክሉ አራት እጢዎች አሉ፣ እነሱ ይደነግጡና አጥንትን «አምጣ» ይሉታል። ጤነኛ ኩላሊት ቢሆን እሱም ትእዛዛቸውን ሰምቶ ካልሲየሙ በሽንት እንዳይባክን ይይዝላቸው ነበር። የኔው አይሰማም። ስለዚህ ሁሉም ዕዳ አጥንቴ ላይ ወደቀ። አጥንት ጎተራ ነው፤ የኔ ጎተራ ሳይሞላ እየተዛቀ ነው የከረመው። ወገቤን ሲያመኝ ዕድሜ ነው እያልን የተሳሳቅነው ለዚህ ነበር። ያንን ክኒን ሳልውጥ የቀረሁባቸው ቀናት ዛሬ ይቆጩኛል። ለዶክተሩም ነግሬዋለሁ፤ አልተቆጣኝም፣ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ስለ ላሚቱና ስለ ዲማ ብዙ ብለኸኛል፣ ስለ ራስህ ትንሽ። ከስተሃል አሉ። አብዱልቃኒ ሳላወጣጣው ነው የነገረኝ፣ እንዳትቆጣው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እዚህ የምበላው ሁሉ አፌ ውስጥ አንድ ነው፤ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም፣ ታጥቦ ታጥቦ ስሙን የረሳ ምግብ። አይርበኝም፣ አልጠግብምም። ከትናንት ወዲያ ግን ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ግብጦ በጣሳ ይዛ ስታልፍ ባለሁበት ቆምሁ። የወንዙ ዳር ትዝ አለኝ። እኔ ጆንያውን ስፈታ አንተ አንዷን ፍሬ ቀምሰህ ፊትህን ስታጨማድድ፣ «ገና ነው፣ መልሽው» ስትል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የመጀመሪያዋን ፍሬ የምትቀምስልኝ አንተ ነህ። ልጅ አልሰጠንም፣ ብዙ ሰው ቤታችን አይገባም፤ የምንነጋገረው ሁሉ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነበር፣ አሁን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ልግዛው ብዬ እጄን ከሰደድሁ በኋላ ተውሁት። የሷን ግብጦ አይደለም ያማረኝ።

ዘቢደር


ቁይ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘቢደርዬ፣

ይህንን የምጽፈው ቆሜ ነው። አብዱልቃኒ መኪናው ላይ ዕቃ እያስጫነ ይጠብቀኛል። ከዛሬ በኋላ መንገዱ ይዘጋል እያሉ ነው፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከትናንት ወዲያ ነው፤ ስለዚህ የነበረኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ዘንቢሉን ክፈቺው። ግብጦ ነው።

አምስት ቀን የሚፈልገውን በሁለት ቀን እንዴት እንዳደረስሁት አሁን አልነግርሽም። የእናቴ ዘዴ ነው፤ እንግዳ ድንገት ሲመጣባት የምታደርገው ነበር። ምሬት ካገኘሽበት መንግስቱ አትበዪኝ። አንዷን ፍሬ ቀምሻለሁ፣ ፊቴም አልተጨማደደም። ለደም ግፊትም ይበጃል ይላሉ። ሲስተር ይታይሽ ከጠየቀችሽ በብዙ ውሃ ታጥቦ የተደፋ ነው በያት፣ ሕጓን ጠብቄያለሁ።

ከስተሃል ላልሽው፣ የሁለት ሰው ጾም የሚጾም ሰው ያብጣል እንዴ? ከአብዱልቃኒ ጋር ግን እንተያያለን። በየመኪናው ጥሩንባ ከቤት እየወጣሁ መቆሜንም ነግሮሽ ከሆነ እሱም እውነት ነው። አንቺ ያለሽበት መኪና እንዳልሆነ እያወቅሁ እወጣለሁ። ምን ላድርግ? አልጋው ሰፋ፣ ቤቱም ሰፋ፣ ቀኑም ሰፋ። አንቺ ስትቆጪኝ ይጠብበኝ የነበረው ጓዳ ዛሬ የማን ቤት እንደሆነ ግራ ይገባኛል።

ሁለተኛው ልኬት ስንት ሆነ? ቶሎ ጻፊልኝ። ጠሩኝ።

መንግስቱ


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመንግስቱ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ዘንቢሉ ደርሶኛል፣ እጅህን ይባርከው።

ሁለተኛው ልኬት አምስት ነጥብ ሦስት ነበር። ሦስተኛው ግን አልሆነም። ትንሽ አሞኝ አራት ቀን ሆስፒታል ተኝቼ ወጣሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሆዴን መግዛት አቅቶኝ ሙዝ በላሁ፣ ሦስት ሙዝ፣ ስለዚህ ፖታሲየሙ ከፍ አለ። አሁን ወርዷል። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀመራል፤ ፋሲካ ገና ስለሆነ አይደርስም አትበል። እንዳትመጣ፣ መንገዱ እንደተፈራው ባይዘጋም አያስተማምንም፣ ላሚቱንም የሚያይ ያስፈልጋል።

ግብጦው ጥሩ ነበር። ምሬት የለውም።

ዘቢደር


ቁይ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘቢደር፣

ያለፈው ደብዳቤሽ የማን እጅ ነው? ጽሕፈቱ ክብ ክብ ነው፣ ያንቺ ሾል ሾል ይላል። ሃኒ ናት አይደል? ጣቶችሽ እንኳን ስምሽን መጻፍ አቃታቸው? እንደዚህ ሆነሽ ነው «ትንሽ አሞኝ» የምትዪኝ?

ደግሞ ሙዝ? ዘቢደር፣ አንቺ ሙዝ ትጠያለሽ። በሰርጋችን ማግስት አክስትሽ ይዛ የመጣችውን ሙዝ ለበግ ስትሰጪ ዐይቼሻለሁ። አንዱን እንኳ አንቆሽ የማይወርደውን ሦስት በላሁ ስትዪኝ ያልተናገርሽው ነገር እንዳለ ገባኝ። ምን እንደሆነ ግን ሳላውቅ ሦስት ቀን ስብሰለሰል ቆየሁ።

አሁን ዐውቄያለሁ።

ገዳሙ፣ የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ፣ ስለ ማዳበሪያ ሊያስተምረን ሰብስቦን ነበር። ቀይ ፍሬ ያለው ማዳበሪያ በእፍኙ ይዞ፣ ፖታሽ ይባላል፣ ለድንች የሚስማማ ነው፣ ውስጡ ያለው ፖታሲየም ነው ሲል ጆሮዬ ቆመ። ከሰው ሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ከምን ነው የሚሠራው አልሁት። የዛሬው ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል፣ የድሮ ሰዎች ግን ከእንጨት አመድ ነበር የሚያገኙት አለኝ። አመዱን በውሃ ይዘፈዝፉታል፣ ፖታሲየሙ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ውሃውን ያጠሉታል። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። ምን ነካህ እያሉኝ ተነሥቼ ወጣሁ።

ግብጦውን የዘፈዘፍሁት በአመድ ውሃ ነው።

የእናቴ ዘዴ ይኼው ነበር። አመድ ምሬቱን ቶሎ ያወጣዋል። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በንጹሕ ውሃ ስታለቀልቀው ትውል ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ አብዱልቃኒ እንዳያመልጠኝ። ውሃው የአመድ መሆኑን እንጂ አመዱ ምን እንደያዘ አላወቅሁም። አንቺ በየሳምንቱ ጠብታ በጠብታ ያስወረድሽውን እኔ በዘንቢል አድርጌ ላክሁልሽ። ሕጓን ጠብቄያለሁ በያት ብዬ!

እውነቱን ጻፊልኝ። ምን ሆነሽ ነበር? ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚበላ ነገር አይላክልሽም። ቤትም መጥተሽ ከኔ እጅ አትበይም።

መንግስቱ


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመንግስቱ፣

ጽሕፈቱ የኔ ነው፣ እየው፣ ሾል ሾል ይላል። በየመስመሩ እያረፍሁ ነው የምጽፈው።

እውነቱን ከጠየቅኸኝ አዎ፣ ግብጦው ነው። አራት ቀን በላሁት። ለሃኒ እንኳ አላካፈልኋትም፤ እንድትቀምስ ስትጠይቀኝ አንቺ ድንቹን በልተሻል ብዬ ከለከልኋት። በአምስተኛው ቀን ስነሣ እግሮቼ እምቢ አሉኝ። ሃኒ በባጃጅ ወሰደችኝ። ደሜ ሲለካ ሰባት ነጥብ አንድ ነበር። የልብን ምት የሚጽፈው ማሽን ያወጣውን ወረቀት ዶክተሩ ዐይቶ ሮጠ፤ ዶክተር ሲሮጥ ዐይተህ ታውቃለህ? እኔ ያኔ ነው የፈራሁት። መጀመሪያ የሰጡኝ ካልሲየም ነው፣ በደም ሥሬ። ፖታሲየሙን አያስወጣውም፤ ልብን ግን ለጥቂት ጊዜ ይይዝለታል አሉ። ለካ ሁለቱ የሚተዋወቁት ልብ ላይ ነው። ቀጥሎ ኢንሱሊን ከስኳር ጋር፣ ቀጥሎ ማሽኑ፣ ሁለት ቀን። ተኝቼ ደሜ በቱቦ ሲሄድ እያየሁ፣ እንደዚህ ሆኜ መኖሬ ከሆነ መንግስቱን አላስቸግረውም፣ ላሚቱንም ይዞ ይኑር ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ላንተ አዘንሁ፣ ከዚያ ለራሴ።

ሲስተር ይታይሽ ምን በላሽ ብላ ስታፋጥጠኝ የተረፈውን እፍኝ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አንዷን ፍሬ ቀመሰችና «ምላሴን እንደ ሳሙና ያሟልጨኛል፤ በምን ነው የታጠበው?» አለችኝ። ያኔ ዐወቅሁ። እናትህን ለሰባት ዓመት ጓዳዋ ውስጥ ሳግዛት ኖሬአለሁ፤ የምታደርገውን በዐይኔ ዐይቻለሁ። አንተ ከገዳሙ ሳትሰማ እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር። ሙዙን የፈጠርሁት ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ነው፣ ሃኒንም አስምያታለሁ።

ለምን ዋሸሽኝ ልትል ነው። ብነግርህ ሁለተኛ ምንም አትልክልኝም ብዬ ነው። ይኸው አልተሳሳትሁም። እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ የምጠብቀው ሌላ ነገር የለኝም። አብዱልቃኒ በሩን ሲያንኳኳ እጁን ነው የማየው፣ ከቤቴ ምን ይዞልኝ መጣ ብዬ። የማልበላው ድንች ቢሆን እንኳ። ጥፋት ከተባለ ደግሞ የኔም አለበት። ሲስተርን አስቀድሜ አልጠየቅኋትም፣ እምቢ እንዳትለኝ። ናፍቆቴን ነው የበላሁት፣ አንተን ብቻ አታድርገው።

ከማሽኑ ከወጣሁ ወዲህ ሁለቴ ተለክቻለሁ፤ አምስት ነጥብ ሁለት፣ አምስት ነጥብ አንድ። የሚቀረው አንድ ማክሰኞ ነው። «ከኔ እጅ አትበይም» ያልኸውን ግን ሰርዘህ መልሰህ ጻፍልኝ።

ዘቢደር


ቁይ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘቢደር፣

ልሰርዘው እስክሪብቶ አነሣሁ፣ አልቻልሁም።

ዶክተሩ ሮጠ ያልሽው ከጆሮዬ አይወጣም። እኔ በዚያች ቀን ምን እሠራ እንደነበር አስቤ ደረስሁበት፤ ዘንቢሉ ደርሷት ደስ ብሏት ይሆናል እያልሁ ለወለተ ሚካኤል ሳወራላት ነው የዋልሁት። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለሽ ታምኚዋለሽ? ትናንት ለራሴ ድንች ልልጥ ተነሥቼ ቢላዋውን መልሼ አስቀመጥሁት። ላጥፋም ላልማም የማላውቅ ሆንሁ።

ናፍቀሽኛል። እንዲህ ብሎ መጻፍ ያሳፍረኝ ነበር፣ አሁን አያሳፍረኝም። ናፍቀሽኛል፣ ሞትሁልሽ፣ በዚህ ቤት ካንቺ ሌላ የምፈልገው የለም። ለዚህ ስል ነው ቅሪ የምልሽ። ፋሲካን ከሃኒ ጋር ዋዪ። መንገዱ ሲሻል እኔ መጥቼ አይሻለሁ። ወይ ደግሞ ከመጣሽ ወለተ ሚካኤል ቤት ግቢ፣ እሷ ትመግብሽ፤ እኔ አጥር ዳር ሆኜ ባይሽ ይበቃኛል።

መንግስቱ


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመንግስቱ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፣ ሁለት ጊዜ ተናደድሁ። አጥር ዳር! ሃያ አንድ ዓመት አብሬህ የኖርሁት ለዚህ ነው? የጎረቤት ሰው ቢሰማ ምን ይላል?

ማክሰኞ ተለካሁ። ሰው ወረፋ ይዞ ሲያወራ እኔ ወንበሩን ጨብጬ ነበር። አምስት ነጥብ አራት። ለጥቂት ነው፣ ግን አልፏል፤ ሦስቱም አለፉ። ካልሲየሜም ከፍ ብሏል፣ ጣቶቼ ከኔ ጋር ታርቀዋል።

ትናንት ዶክተሩ ቢሮው አስቀምጦ ረጅም ነገር ነገረኝ። በየወሩ እመጣለሁ። ክኒኖቹን አልተውም። እግሬ ከዛለ ወይም ልቤ ከዘለለብኝ ቀን አልጠብቅም፣ በተገኘው መኪና እሳፈራለሁ። አንድ ቀን ማሽኑ ላይቀርልኝ ይችላል፣ ያንንም አልደበቀኝም። መጨረሻ ላይ አንድ ቅጽ አወጣ። ቤት ውስጥ ምግብሽን በኃላፊነት የሚያዘጋጀው ማነው፣ ስሙን እጽፋለሁ አለኝ።

«ባለቤቴ መንግስቱ» አልሁት።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አነሣና ሳይጽፍ አየኝ። ሲስተር ይታይሽም አጠገቡ ቆማ ነበር።

«ያ አመዱን ያደረጉት ሰውዬ?» አለኝ።

«እሱ ራሱ።»

«ሌላ ሰው የለም ቤት ውስጥ? ምራት፣ ጎረቤት?»

«ሞልቷል» አልሁት። «የዋርሳዬ ሚስት አለች፣ ሙያዋ የተመሰገነ ነው። ግን ዶክተር፣ ሌላው ሁሉ ምግብ ሊገድለኝ እንደሚችል የሰማው በወሬ ነው። እሱ ያውቀዋል። ከዛሬ ጀምሮ አፌ የሚገባውን እንደ እሱ የሚፈራ ሰው ከየትም አታመጣልኝም።»

ሲስተር ይታይሽ ዘወር አለች። ዶክተሩ ስምህን ጻፈ። ከነአባትህ ስም፣ በትልቁ።

ይህንን ወረቀት አብዱልቃኒ ዛሬ ይዞት ይነሣል። ነገ ስቅለት ስለሆነ እኔ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ እውላለሁ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደ። ቅዳሜ ጠዋት እሱ ተመልሶ ይወስደኛል፤ ከፊት ወንበር ላይ ቦታ ይዞልኛል። ከሰዓት በፊት እደርሳለሁ።

ድንች ልጠህ ዘፍዝፈህ ጠብቀኝ። እጅህ ከተንቀጠቀጠ እየተንቀጠቀጠ ይላጥ።

ዘቢደር